«ሁልጊዜ» ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። «ነበር» ማለት ይኖርብኝ ይሆናል፤ ገና አልለየለትም። ቴፒ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የቅምሻ ክፍል ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ገበሬው ካመጣው ቡና ናሙና ይወሰዳል፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ በየስኒው ይደረግና ፍል ውሃ ይፈስበታል። እኔ በማንኪያ ጨልፌ ፉት እላለሁ፣ እተፋለሁ፣ ከዚያ ቅጹ ላይ ነጥብ እሰጣለሁ። ስሜ አስቴር ነው፤ መሥሪያ ቤት ግን «ምላስ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። የሌላው ሰው ምላስ የሚነሳው በነገረኛነት ነው፤ የእኔ እንጀራዬ ነበር።

ይህን የምጽፈው የእኔ ሕመም ከሰው ሕመም ስለሚከፋ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ይዞ የሚመለስ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እያወቅኩ ደበቅኩ።

ነገሩ የጀመረው በቡና ለቀማ ሰሞን፣ በኅዳር ነው። ሰባት ስኒ ተደርድሮልኝ የመጀመሪያውን ፉት ስል አፌ ውስጥ የገባው ለብ ያለ ውሃ ነበር። ሁለተኛውም ውሃ፣ ሰባተኛውም ውሃ። ጉንፋን ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ አፍንጫዬ ግን አልተዘጋም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ተከተለ። ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፤ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ጠጉሬን ማበጠር ትልቅ ሥራ ሆነብኝ። ልጄ ሕሊና ከትምህርት ቤት መጥታ ስታወራኝ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይገባኝም። ሰው አልሞተብኝም፣ አልከሰርኩም፣ ባሌም አልበደለኝም። ምክንያት ቢኖረው ቢያንስ የማለቅስበት ነገር ይኖረኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። እዚህ አገር አስነጥሶ የሄደ ሰው እንኳ ታይፎይድ አያጣም። መርፌውን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬና ቡና ከለከለኝ። ቡና ቀማሽ ቡና ስትከለከል እዚያው ሳቅኩ፤ ሐኪሙም አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልሳቅኩም። ሦስተኛው ደም ማነስ ነው አለ። ጅማ ድረስ ሄጄ ሆዴን በቱቦ አዩት፤ ንጹሕ ነው ተባለ። የቦታዎቹን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ሁሉም «የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? ጣዕም ይሰማሻል?» ብለው ጠይቀውኛል። ለሁሉም «ደህና ነው» ብያለሁ።

ቴፒ ትንሽ ከተማ ናት። ክሊኒክ ውስጥ የተነገረ ነገር ከታካሚው ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ጣዕም የጠፋባት ቀማሽ ደግሞ ዐይኑ እንደጠፋ ሾፌር ናት፤ ማን መሪ ያስጨብጣታል? ስለዚህ ሰርቄ እሠራ ነበር። ከጎኔ የሚቀምሰው ታምራት የሚባል ባልደረባዬ ነው። ጥሩ ቡና ሲያገኝ ቅንድቡ ከፍ ይላል፤ የሻገተ ሲያገኝ አፍንጫው ይሸበሸባል። እኔ ስኒውን ትቼ የታምራትን ፊት እቀምስ ነበር። ከቅንድቡ አንብቤ ነጥብ እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ።

ባሌ ዮናስ የሒሳብ አስተማሪ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ተንከባከበኝ፤ ልብስ ሳይቀር አጠበ። ወራት ሲያልፉ ግን ሰውዬው ደከመ። «አስቴር፣ ምን ጎደለሽ?» ማለት ጀመረ። «ቤት አለሽ፣ ልጅ አለሽ፣ ሥራ አለሽ። ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ጎደለሽ?»

በእኛ ሥራ ጉድለት የምንለው የተበላሸውን ፍሬ ነው፤ ጥቁሩ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የሻገተው ከናሙናው ተለቅሞ ይቆጠራል። ዮናስ «ምን ጎደለሽ» ባለኝ ቁጥር ራሴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እለቅም ነበር። አንድም ደህና ፍሬ አላገኘሁም። በቤተ ክርስቲያን እህቶች እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ እነሱ አለቀሱ፣ የእኔ ዐይን ደረቀ። እግዚአብሔርም እንደ ቡናው ውሃ ውሃ አለኝ። እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። መኖር አስጠላኝ። ጠዋት ጠዋት «ባልነቃሁ ምን ነበረበት» እል ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ዮናስ ራሱ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አጠያይቆ ሚዛን ከተማ ወሰደኝ። የመጠበቂያው ኮሪደር ጠባብ ነው። አግዳሚው ላይ የተደረደርነው ሁላችንም ሌላ ሰው ልናሳክም የመጣን እንመስል ነበር፤ ማንም ማንንም አያይም። ከማጂ ወንድሟን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። ሙዝ ላጠችና ሳትጠይቀኝ ግማሹን ሰጠችኝ። «ብዪ፣ መጠበቅ ያስርባል» አለችኝ። አልጣመኝም፤ የዚያች ሴት እጅ ግን እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ዘነበች ትባላለች፤ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት።

«እንዴት ነሽ እህቴ?»

«ጌታ ይመስገን።»

«ምን ልርዳሽ?»

«እንቅልፍ ብቻ ነው ሲስተር። ሌላ ምንም የለብኝ።»

ቀስ ብላ ጥቂት ነገር አወጣጣችኝ። «ይኼ ድባቴ ይባላል» አለች። «ሐዘን ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰውን ከገዛ ኑሮው የሚያስወጣ ሕመም ነው፤ ይታከማል።» መድኃኒት ልትጽፍልኝ ስትል ግን እምቢ አልኩ። የእብድ ክኒን ዋጠች መባልን ፈራሁ። አልተጫነችኝም። ቴፒ ካምፓስ ውስጥ አንድ መምህር ለጥናቱ የማስተዋል ሥልጠና እንደሚሰጥ ነገረችኝና ስሜን አስመዘገበች፤ እሷ ዘንድም ለክትትል በየሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

መምህር ቢኒያም ገና ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ። ሃያ የምንሆን ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰበሰብን። «የሰው ሐሳብ ትናንትና ነገ ላይ ሲባዝን ዛሬን ያጣዋል» አለን። «አሁን ያለውን ነገር፣ ሳይፈርዱ፣ ልብ ማለት ይለመዳል። ሲለመድ ደግሞ ይለካል።» የሚለካው በቅጽ ነው። ቅጹ ላይ ስለ ራሳችን የሚናገሩ ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ፊት ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት የሸኮ ሴትዮ እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ልብ እላለሁ ማለት ልቤን ያመኛል ማለት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ከሃያችን ያልገባቸውን አልገባኝም ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰባተኛው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የምበላውንና የምጠጣውን ነገር ጣዕም ልብ እላለሁ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቢኒያም ከድርጅታችን ሰዎች ጋር ኳስ እንደሚጫወት አውቃለሁ። ደግሞስ እኔ፣ «ምላስ»፣ ምን ብዬ ልጻፍ? «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አንዴ ከዋሸሁ ወዲያ ሌላው ቀለለኝ፤ ሁሉንም አሳመርኩት።

ፍርሃት ብቻም አልነበረም። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላምታ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ደህና ነሽ?» ሲሉን «ይመስገን» እንላለን፤ «ደህና?» «ይመስገን»፤ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፤ እውነቱ የሚወጣው፣ ከወጣም፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ነው። ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። እኔም እንደ ወጉ መለስኩለት።

ሥልጠናው ክፉ አልነበረም። ዐይናችንን ጨፍነን ትንፋሻችንን እንከተላለን። ሌላው ሰው እያዛጋም ቢሆን አርፎ ይወጣል፤ እኔ ዐይኔን ስጨፍን የማገኘው ያንኑ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር ነው። በአምስተኛው ሳምንት ቢኒያም ኮረሪማ አመጣ። ፈልፍሎ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ ሰጠን። «በጥርሳችሁ ሰብራችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ የሚሰማችሁን ልብ በሉ» አለ።

ሰበርኩት። ምንም። እንደ ጠጠር ነበር።

ሰዎቹ በየተራ ተናገሩ፤ «ያቃጥላል» አለ አንዱ፣ «ይሸታል» አለ ሌላው። ወደ እኔ ሲደርስ ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ሥራዬን ያውቁታላ። ከዐሥራ አራት ዓመት ትዝታዬ ውስጥ እየቀዳሁ ተናገርኩ። «መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ ይመስላል፤ ከዚያ ምላስ ጫፍ ላይ ቅዝቃዜ ይመጣል፤ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ መጨረሻው ላይ የጣፋጭ እንጨት ሽታ አለው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ቢኒያም ደብተሩ ላይ ጻፈው። «ማስተዋል ማለት ይኼ ነው!» አለ። ተቀምጬ ፈገግ አልኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ቅጹን ደግመን ሞላን። ከሁሉም ከፍተኛው ነጥብ የእኔ ሆነ። ቢኒያም ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ወይዘሮ አስቴር፣ እርስዎ ለሌሎች ምሳሌ ነዎት» ብሎ ጨበጠኝ፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚሞላ የመጨረሻ ቅጽም በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። ውጤቱን ለሲስተር ዘነበች ልኮላት ስለነበር፣ በቀጠሮዬ ስሄድ ወረቀቱን አየችና «ጎሽ!» አለችኝ።

«እንዴት ነሽ ታዲያ?»

«ጌታ ይመስገን።»

«እንግዲያው በየሁለት ሳምንቱ ከቴፒ መመላለሱ ይቅርብሽ። ከሦስት ወር በኋላ እንገናኝ።»

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ አልፈርድባትም። ከበሩ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆምኩ። እውነቱን የምጠየቅበት የቀረኝ አንድ ቦታ እሷ ዘንድ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሦስት ወር እንደማልቆይ እርግጠኛ ነበርኩ። ይህንንም ውጪ ለሚጠብቀኝ ለዮናስ አልነገርኩትም፤ «ተሽሎሻል አሉኝ» ነው ያልኩት። ሰውዬው መንገድ ላይ እንባ አወጣ፤ በደስታ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ጨለማ ናቸው፤ ብዙ አልልባቸውም። ወሬው ሁሉ «አስቴር ዳነች» ሆነ። የዳነ ሰው ደግሞ መታመም አይፈቀድለትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ አባባ ማቴዎስ መጡ። ሸኮ ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ቡናቸውን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግተው የሚያደርቁ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ከሚስታቸው ጋር ሮጠው የሚሸፍኑ። በዚያ ዓመት የለፉበትን ለይተው ለብቻው አምጥተው ነበር። የእሳቸው ናሙና የቀረበ ቀን ግን ታምራት ታሞ ቀርቷል። የማነበው ፊት አልነበረኝም። መካከለኛ ነጥብ ጻፍኩና ፈረምኩ፤ ቡናቸው ከተራው ጋር ተደባለቀ። እሳቸው ለጠብ አልመጡም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ቡናዬ ወደቀ አሉኝ» አሉ። «ወደቀ ካልሽ ወደቀ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ መጣሁ። ቀመስሽው?»

«አዎ አባባ፣ ቀምሼዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው ሞራ ጀምሮታል።

«ቀመስሽው?»

«አባባ፣ እንዴት ሳልቀምስ ነጥብ እሰጣለሁ?»

ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የሚያዝኑልኝ ይመስል ነበር።

«ልጄ፣ ቀመስሽው?»

«አልቀመስኩትም» አልኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ፤ በዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ታምራት ደንግጦ ማንኪያውን ጣለ። አባባ ማቴዎስ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ «አውቄ ነበር» አሉ። «የቀመሰ ሰው ፊት እንዲህ አይደለም።»

በማግስቱ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ሚዛን ሄድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ያንን በፖስታ የተሰጠኝን ቅጽ አወጣሁ። መኪናው እየነጠረ እስክሪብቶው ቢወላገድም ሞላሁት። ሰባተኛው ላይ «ፈጽሞ»። ሌላውም ያው ነበር። ጥያቄዎቹ ያን ቀን ገና ገቡኝ፤ ከዚያ በፊት የመለስኩት ስለምን እንደሚጠይቁ እንኳ ሳላውቅ ኖሯል።

ሲስተር ዘነበች ወረቀቱን አንብባ በሩን ዘጋች። ስለ መኖር ያለኝን ሐሳብ በግልጽ ጠየቀችኝ፤ በግልጽ ነገርኳት። ዮናስንም አስጠርታ ለብቻዬ እንዳይተወኝ ነገረችው። መድኃኒቱን ያን ቀን ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር «እንዴት ነሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ «ይመስገን» ስላት ትጠብቃለች፤ ደግማ ትጠይቃለች፤ ሦስተኛውን እስክትጠይቅ አትጽፍም።

ሲስተር ዘነበች የላከችለት ቅጽ ሲደርሰው መምህር ቢኒያም ደወለልኝ።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ቅጹን ተሳስተው ይሆን የሞሉት? ሳጥኖቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን በግልባጭ አይተዋቸው?»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንደዚህ ከሆነ ሥልጠናው ጎድቶዎታል ማለት ነው የሚሆነው።»

«አልጎዳኝም ልጄ። የፊተኞቹ ሁለቱ ናቸው ውሸት።»

«ታዲያ የሌሎቹስ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

አሳዘነኝ። «የሌሎቹን እኔ አላውቅም» አልኩት። «ግን ቡና ስለ ራሱ ቅጽ ቢሞላ፣ አንደኛ ደረጃ የማይወጣ ቡና የለም። እኔን አንዴ ጠይቀህ ሄድክ። ቢያንስ እኚያን የሸኮ ሴትዮ ስማቸው፤ አልገባኝም ብለውሃል።»

ለአለቃዬም ነገርኩ። አላባረረኝም፤ ከቅምሻ ጠረጴዛው ግን አነሳኝ። አሁን የናሙና ከረጢት ላይ የገበሬ ስምና ቁጥር እጽፋለሁ። «ምላስ» የሚለኝ የለም። አባባ ማቴዎስን ግን መካስ አልቻልኩም፤ ቡናቸው ተቀላቅሎ መርከብ ላይ ወጥቶ ነበር። ያ ቡና ምን ዓይነት እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አያውቅም።

መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሠራው። መጀመሪያ አፌን አደረቀው፣ አቅለሸለሸኝ፤ ልተወው ስል ሲስተር ዘነበች ለመነችኝ። አንድ ጠዋት ክኒኑ ምላሴ ላይ ተጣበቀና ሟሟ። ጮህኩ።

«ዮናስ! መረረኝ! ዮናስ፣ መረረኝ!»

ዮናስ ሳሙና ፊቱ ላይ እንዳለ ሮጦ መጣ። መኖር የመረረኝ መስሎት ነበር። «ምን አማረረሽ? እኔ ነኝ? ንገሪኝ!» እያለ ትከሻዬን ያዘ። ምላሴን አውጥቼ ክኒኑን አሳየሁት። ገብቶት ሳለ እንኳ ሊለቀኝ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ወራት አልፈዋል፤ ከምሬት በቀር የተመለሰ ጣዕም የለም። ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር አንዳንድ ጠዋት ይነሳል፤ አንዳንድ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። «ዳንሽ?» ለሚሉኝ ምን እንደምል አላውቅም።

በዘንድሮው ለቀማ አባባ ማቴዎስ አንድ ከረጢት ይዘው መጡ። ወደ ታምራት አላመሩም፤ ወደ እኔ ነው የመጡት። አለቃዬን አስፈቅጄ አስቆልቼ አስፈጨሁት። ማንኪያ ከያዝኩ ዓመት ሊሆነኝ ምንም አልቀረውም። ፉት አልኩ። ጠበቅኩ። ደግሜ ፉት አልኩ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ምሬቱን ብቻ ነው የማገኘው። አበባ ይኑረው፣ ሎሚ ይኑረው አላውቅም። ነጥብ ልሰጥዎት አልችልም።»

ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«አሁን ቀመስሽው» አሉ።

ቅጹ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። የነጥቡን ሳጥን ባዶ ተውኩትና ማንኪያውን ለታምራት አቀበልኩት።